የፊደላችን ሰልፍ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ



በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ወጣቶች ግዴታ ብዙ ይጻፋል። እኔ ለዚህ ዓመት የመረጥሁት ነገር ከነዚያ ሁሉ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም ተርሚናል በሚባለው የኮምፒዩተር መስኮት ላይ ጽሑፍ እንዴት በመሐል እንደሚቀመጥ፥ ስምና ቍጥርም እንዴት በየረድፋቸው እንደሚሰለፉ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም በክፍላችን ውስጥ ብዙ ክርክር አስነሥቶአል፤ ክርክሩም አንድ ተማሪ ስሙን በገዛ ፊደሉ ይጻፍ ወይስ በላቲን ፊደል ይጻፍ እስከሚለው ጥያቄ ድረስ ደርሶአል። እኔም በዚህ ክርክር አንደኛውን ወገን የያዝሁ ስለ ሆነ፥ ምክንያቴን በጽሑፍ ማቅረብ ወደድሁ።

አስቀድሜ ተርሚናል ምን እንደ ሆነ ላስረዳ፤ ወላጆቻችን ሁሉ ያውቁታል ማለት አይቻልምና። ተርሚናል ሥዕል የሌለበት፥ ብዙ ጊዜ መደቡ ጥቁር የሆነ መስኮት ነው። ሰው ትእዛዙን በፊደል ይጽፍበታል፤ ኮምፒዩተሩም መልሱን በፊደል ይሰጠዋል። ይህ መስኮት ልክ እንደ ሒሳብ ደብተራችን በአራት ማዕዘን ቤቶች የተከፋፈለ ነው፤ መስመሩ ግን ለዓይን አይታይም። በየአንዳንዱ ቤት ውስጥ አንድ ፊደል ይገባል፤ ባዶ ቦታም ቢሆን የራሱን ቤት ይይዛል። ከላይ እስከ ታች አንዱ ባንዱ ሥር ያሉት ቤቶች አንድ ዐምድ ይባላሉ። እንግዲህ ጽሑፍን በመሐል ማድረግ ወይም ወደ ቀኝ ማስጠጋት ማለት፥ ከጽሑፉ በፊት ስንት ባዶ ቤት መተው እንደሚገባ ቈጥሮ ማወቅ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የመስኮቱ ስፋት በልማድ 80 ዐምድ ነው። ይህ ቍጥር ከየት እንደ መጣ ስመረምር ደስ የሚል ታሪክ አገኘሁ። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. በቀዳዳ የሚነበብ፥ 80 ዐምድ ያለው የወረቀት ካርድ አወጣ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) በ1963 የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 የሚባለው የጽሕፈት መኪና በአንድ መስመር ላይ 72 ፊደል ይጽፍ ነበር። በ1978 ዲጂታል ኢኲፕመንት የተባለው ኩባንያ ቪቲ100 የሚባለውን ተርሚናል ሲያወጣ ግን 80 ዐምድና 24 መስመር ሰጠው። ካርዱ ከሥራ ወጥቶአል፤ ቪቲ100ም ዛሬ የሚገኘው በቤተ መዘክርና በአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ነው፤ 80 የሚለው ቍጥር ግን እስከ ዛሬ በየመስኮቱ አለ።

ሆኖም ዛሬ መስኮቱን እንደ ወደዱ ማስፋትና ማጥበብ ስለሚቻል፥ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ስፋቱ 80 ነው ብሎ በግምት መነሣት አይገባውም። በሊኑክስ ላይ ቲፑት ኮልስ የሚል ትእዛዝ ሲሰጥ የዐምዶቹ ቍጥር ወዲያው ይመለሳል፤ ተጠቃሚው መስኮቱን ባሰፋው ጊዜም ለፕሮግራሙ የሚደርሰው ማስታወቂያ ምልክት አለ። ጽሑፉ ወደ መስኮት ሳይሆን ወደ ፋይል ሲላክ ግን የሚጠየቅ ስፋት የለም፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ለምሳሌ ፓይተን ወደ ጥንቱ ልማድ ተመልሶ 80 በ24 ነው ብሎ ይወስዳል።

ርእስን በመሐል የማድረግ ጥበብ ኮምፒዩተር ያመጣው አይደለም። በጽሕፈት መኪና ይሠሩ የነበሩ ጸሓፊዎች ወረቀቱን እስከ መሐል ያመጡና፥ ርእሱን በልባቸው እያነበቡ በየሁለት ፊደሉ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መመለሻውን ይመቱ ነበር። ርእሱ በልብ ተነብቦ ሲያልቅ መኪናው የቆመበት ቦታ የርእሱ መጀመሪያ ነው። ኮምፒዩተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከመስኮቱ ስፋት የጽሑፉን ርዝመት ይቀንስና የቀረውን ለሁለት ያካፍለዋል። «የ12ኛ ክፍል የውጤት መግለጫ» የሚለው ርእስ በመካከሉ ካሉት ባዶ ቦታዎች ጋራ 18 ቤት ይይዛል። ከ80 ላይ 18 ሲቀነስ 62 ይቀራል፤ እኩሌታው 31 ነው። ስለዚህ 31 ባዶ ቤት ትቶ መጻፍ ነው።

ቀሪው ጐደሎ ቍጥር ሲሆን አንድ ቤት ለማን ይሰጥ የሚል ትንሽ ጥያቄ ይነሣል። የፊደል ቤት ለሁለት አይከፈልምና አንደኛው ወገን በአንድ ይበልጣል። በዚህ ነገር ፓይተን ራሱ ከራሱ ጋራ አለመስማማቱ አስቆኛል። ሴንተር በሚባለው መንገዱ መስኮቱ 80፥ ጽሑፉ 17 ሲሆን ትርፉን ወደ ቀኝ ይሰጣል፤ መስኮቱ 81፥ ጽሑፉ 18 ሲሆን ደግሞ ትርፉን ወደ ግራ ይሰጣል። ፎርማት በሚባለው ሌላ መንገዱ ግን ትርፉ ሁልጊዜ የቀኝ ነው። ሁለቱን መንገዶች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ቀላቅሎ የሚጽፍ ሰው ርእሶቹ በአንድ ቤት ቢዛነፉበት ሊደነቅ አይገባውም።

ከርእስ ወደ ሙሉ ጽሑፍ ስንመጣ ግን ብዙ ጓደኞቼ የሚስቱት ነገር አለ። አንድ ግጥም ወይም አንድ ሠንጠረዥ በመስኮቱ መሐል እንዲሆን ሲፈልጉ፥ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው እየለኩ በመሐል ያደርጋሉ። ሦስት ስንኝ ያለው ጽሑፍ እንውሰድ፤ የመጀመሪያው 24፥ ሁለተኛው 17፥ ሦስተኛው 20 ቤት ይይዝ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲለካ አንዱ በ28፥ ሁለተኛው በ31፥ ሦስተኛው በ30 ባዶ ቤት ይጀምራል። መጀመሪያቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ይላል። ትክክለኛው አሠራር ከሁሉ የረዘመውን መስመር መለካት፥ ለእርሱ የሚገባውን 28 ባዶ ቤት ማውጣት፥ ያንኑ 28 ለሁሉም እኩል መስጠት ነው። ያን ጊዜ ጽሑፉ እንደ አንድ አካል ሆኖ ወደ መሐል ይንቀሳቀሳል፤ የውስጥ ሰልፉም አይፈርስም።

ይህን ነገር አባቶቻችን አላጡትም። የብራና ጸሓፊ ከመጻፉ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምርበታል። በዳዊት ላይ መዝሙሩ በአንድ ዐምድ ሲጻፍ እያንዳንዱ ስንኝ ከግራው መስመር ይነሣል። ስንኙ ረዝሞ በቀኝ በኩል ቦታ ያነሰው እንደ ሆነ ትራፊው ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ይጻፋል እንጂ፥ ለአንድ ስንኝ ተብሎ የግራው መነሻ አይነካም። ርእስ ብቻውን የሚቆም ስለ ሆነ በመሐል ቢሆን ያምራል፤ ተከታትሎ የሚነበብ ነገር ግን ዓይን ተመልሶ የሚያርፍበት አንድ ጥግ ይሻል።

ቍጥርን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ ወደ ቀኝ ይጠጋ። 7ም፥ 85ም፥ 100ም አንዱ ባንዱ ሥር ሲቆሙ አንደኛው ቤት ከአንደኛው ቤት ጋራ መግጠም አለበት፤ ይህን ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ስንደምር የኖርነው ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ የክፍላችን ውጤት በተርሚናል ላይ በሚሠራ አጭር ፕሮግራም ተዘጋጅቶ፥ እዚያው እንደ ታየ በወረቀት ታትሞ በግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ስሞቹ የተጻፉት በፊደላችን ነበር። ወረቀቱን ያየ ሰው ሁሉ ሰልፉ የተበላሸ መሆኑን ወዲያው ዐወቀ፤ የስሙ ርዝመት በጨመረ ቍጥር ውጤቱ ወደ ግራ ይሸሻል። የአንድ ጓደኛችን አባት ለልጃቸው ያልሆነውን ውጤት ለልጃቸው ነው ብለው አንብበው በፊዚክስ ወድቆአል በማለት እጅግ ተቈጥተው ሄዱ። ልጁ በፊዚክስ አልወደቀም፤ በፊዚክስ ሥር የቆመው የሌላ ትምህርት ውጤት ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ በቍጥር ማስረዳት ይቻላል። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባል መለኪያ ነው። በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የአሜሪካ ደንብ ለ128 ምልክቶች ብቻ ቦታ ስለ ነበረው፥ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ባይት ይበቃል። የዓለምን ፊደል ሁሉ በአንድ ዝርዝር የሚያጠቃልለው ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ ነው። ይህም ዝርዝር በኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ባወጡት፥ ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የእንግሊዝኛው ፊደል እንደ ጥንቱ አንድ ባይት ሲይዝ፥ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። በመስኮቱ ላይ የሚይዘው ቤት ግን አንድ ብቻ ነው።

የክፍላችን ፕሮግራም የተጻፈው ባሽ በሚባለው የትእዛዝ ቋንቋ ነበር። በባሽ ውስጥ ጽሑፍ የሚያሰልፈው ፕሪንትኤፍ የተባለው ትእዛዝ ነው፤ እርሱም ስፋትን የሚቈጥረው በባይት ነው። ለስም 20፥ ለየአንዳንዱ ትምህርት 6 ስፋት ተሰጥቶት ነበር። እንግዲህ «አበበ» የሚለውን ስም እንውሰድ፤ ሦስት ፊደል፥ ዘጠኝ ባይት ነው። ፕሪንትኤፍ 20 ለመሙላት 11 ባዶ ቤት ይጨምርለታል፤ በመስኮቱ ላይ ግን 3ና 11 ተደምሮ 14 ዐምድ ብቻ ይሆናል። «ገብረ ሥላሴ» የሚለው ስም ስድስት ፊደልና አንድ ባዶ ቦታ ነው፤ በባይት 19 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ባዶ ቤት ብቻ ይጨመርለትና በመስኮቱ ላይ 8 ዐምድ ይይዛል። የሁለቱ ልዩነት 6 ነው። የአንድ ትምህርት ስፋትም 6 ነው። ስለዚህ የገብረ ሥላሴ ሁለተኛ ትምህርት በአበበ አንደኛ ትምህርት ሥር ቀጥ ብሎ ይቆማል! መጥፎነቱም ይህ ነው፤ በጥቂቱ ቢጣመም አንባቢው ይጠራጠር ነበር፤ በአንድ ሙሉ ትምህርት ሲንሸራተት ግን ትክክለኛ ሰልፍ መስሎ ይታያል። «ወልደ ጊዮርጊስ» እንደሚባል ያለ ስም ደግሞ 25 ባይት ስለ ሆነ ከ20 ያልፋል፤ ስለዚህ አንድ ባዶ ቤት እንኳ አይጨመርለትም።

በርእሱም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ርእስ 18 ቤት ሲይዝ በባይት ግን 44 ነው። ከ80 ላይ 44 ተቀንሶ እኩሌታው 18 ስለ ሆነ፥ ርእሱ በ31 ፈንታ በ18 ባዶ ቤት ይጀምራል፤ 13 ቤት ወደ ግራ ይሸሻል። በርእሱ ውስጥ ያሉት ፊደሎቻችንም ልክ 13 ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፊደል በሁለት አብልጦ ስለሚቈጠር፥ የዚያም እኩሌታ አንድ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ርእሱ ከመሐል ምን ያህል እንደ ሸሸ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ፊደሎቹን መቍጠር ይበቃዋል።

ይህ በሆነ ጊዜ ከጓደኞቼ ብዙዎቹ መፍትሔው ቀላል ነው አሉ፤ ስሞቹን በላቲን ፊደል እንጻፍ። ምክንያታቸውንም ሳላጣምም ላቅርብ። የላቲን ፊደል አንድ ባይት፥ አንድ ቤት ነው፤ ፕሮግራሙን ሳንነካ ሰልፉ ይስተካከላል፤ በአንዳንድ ወረቀቶቻችን ላይም ስማችን አስቀድሞ በላቲን ተጽፎአል፤ ለፈተና ውጤት ማስታወቂያ ተብሎ ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም። ይህ አሳብ ከስንፍና የመጣ ነው ብዬ አልናገርም፤ ለአንድ ቀን ሥራ ፈጣኑ መንገድ እርሱ ነው።

እኔ ግን አልተቀበልሁትም። ወረቀቱ የሚለጠፈው ለማን ነው? ተማሪውማ ውጤቱን ከመምህሩ ሰምቶአል። ወረቀቱ የሚለጠፈው ለወላጆች ነው። ከወላጆቻችንም መካከል ፊደል ቈጥረው፥ በአማርኛ ጥሩ አድርገው የሚያነቡ፥ የላቲን ፊደል ግን የማያነቡ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። አያቶቻችንንማ ተዉአቸው። እነዚህ ሰዎች ከግድግዳው ፊት ቆመው የልጃቸውን ስም ለማግኘት ልጃቸውን ሊለምኑ ነው። ውጤቱ ያላማረለት ልጅ ራሱ አንባቢ ሲሆን ምን ብሎ እንደሚያነብላቸው እናንተው ገምቱት።

ሁለተኛም፥ ስማችን በላቲን ፊደል አንድ የጸና አጻጻፍ የለውም። «ጠ»ና «ተ» በአንድ ፊደል ይወድቃሉ፤ «ቀ»ና «ከ»ም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናቸው፤ «ጸ»ን አንዱ በሁለት ፊደል፥ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። አንድ ተማሪ በሦስት ወረቀት ላይ ስሙ ሦስት ዓይነት ሆኖ ሲገኝ እኔው መሆኔን አስረዱልኝ እያለ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዞራል። እርግጥ ነው፥ በራሳችንም ፊደል «ጸሐይ»ና «ፀሐይ» እያልን የምንለያይበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ይህን የሚያነብ ሰው ሁለቱ አንድ ስም መሆናቸውን ያለ ጥርጥር ያውቃል።

ሦስተኛውና ለኔ ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት ግን ይህ ነው፤ ወደ ላቲን ፊደል መሸሽ በሽታውን አያድነውም። በሽታው ባይትን እንደ ቤት አድርጎ መቍጠር ነው። የወደቀው ተማሪ ውጤት በቀይ ቀለም ይታይ ቢባል፥ ተርሚናሉ ቀለም የሚለውጠው በጽሑፉ ውስጥ በተሸሸገ የምልክት ሰንሰለት ነው። ቀዩን የሚጀምረው ሰንሰለት 5 ባይት ነው፤ ወደ ነበረበት የሚመልሰው 4 ባይት ነው። ሁለቱም በመስኮቱ ላይ አንድ ቤት እንኳ አይይዙም፤ ፕሪንትኤፍ ግን 9 አድርጎ ይቈጥራቸዋል። እንግዲህ ስሙ ሁሉ በላቲን ፊደል ተጽፎ እንኳ ቀይ ቀለም ያለበት መስመር ሰልፉን ያፈርሳል። ያን ጊዜ ደግሞ ወዴት ልንሸሽ ነው?

አንዳንዶች በእጅ ባዶ ቦታ እየጨመርን እናስተካክለው ብለዋል። ይህ ለአምስት ስም ይሆናል። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ግን አንድ ስም በታረመ ቍጥር፥ መስኮቱም በጠበበ ቍጥር ሥራው ሁሉ እንደ ገና ይጀመራል። ሌሎች ደግሞ ተርሚናሉን ትተን ኤክሴልን በመሰለ የሠንጠረዥ ፕሮግራም እንሥራ አሉ። ይህን አሳብ አልቃወምም፤ ለሚታተም ወረቀት እንዲያውም የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ከኮምፒዩተር ክፍላችን ዕቃ እኩሌታው ያረጀ፥ ከባድ ፕሮግራም ሲከፈትበት የሚያቃስት ነው። ተርሚናሉ ግን በአሮጌውም በአዲሱም ላይ እኩል ይሠራል። ደግሞም የሠንጠረዡን ፕሮግራም የሠራው ሰው ስፋትን በትክክል መቍጠር ስለ ተማረ ነው የሠራው፤ እኛም ብንማረው ምን ይከፋል?

እንግዲህ ትክክለኛው አቈጣጠር ምንድን ነው? ሦስት ቍጥሮችን ለይቶ ማወቅ ነው፤ ባይቱን፥ ምልክቱንና ዐምዱን። ፓይተን ጽሑፍን የሚቈጥረው በባይት ሳይሆን በምልክት ስለ ሆነ፥ «አበበ»ን ሦስት ይለዋል፤ ስለዚህ የስም ዝርዝራችን በፓይተን ሲሠራ ያለ ብዙ ድካም ይሰለፋል። ዚ ሼል የሚባለው የትእዛዝ ቋንቋም እንዲሁ በምልክት ይቈጥራል። ነገር ግን ምልክትም ሁልጊዜ ከዐምድ ጋራ እኩል አይደለም። የማጥበቂያውን ምልክት ተመልከቱ። «አለ» ስንል ተናገረ ማለታችን ነው፤ «አለ፟» ስንል ግን ይገኛል ማለታችን ነው። ከ«ለ» በላይ የተቀመጠው ነጥብ በዩኒኮድ ውስጥ ራሱን የቻለ ምልክት ስለ ሆነ፥ ሁለተኛው ቃል በባይት 9፥ በምልክት 3፥ በዐምድ ግን 2 ነው። በሌላ በኩል የቻይና ፊደል አንድ ምልክት ሆኖ ሳለ በመስኮቱ ላይ ሁለት ቤት ይይዛል። ለዚህ ሁሉ የሚሆን ደብልዩ ሲ ዊድዝ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ምልክቱን ሲሰጡት 0፥ 1 ወይም 2 ብሎ የቤቱን ብዛት ይመልሳል። ለፊደላችን መልሱ 1 ነው፤ ለማጥበቂያው 0 ነው። የሚገባው ሥራ የያንዳንዱን ምልክት መልስ መደመር፥ ድምሩን ከዐምዱ ስፋት መቀነስ፥ የቀረውን በባዶ ቤት መሙላት ነው። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ግን አንድ ችግር ይቀራል፤ እርሱን ደብቄ ብከራከር እውነተኛ አልሆንም። ተርሚናሉ ለፊደላችን የሚሰጠው አንዲት ጠባብ ቤት ናት፤ ስፋቷም ለላቲን ፊደል የተለካ ነው። «ተ»ና «ነ» በዚያች ቤት ውስጥ ይመቻቸዋል። «ጨ»፥ «ሐ»፥ «ሠ»ና «ጠ» ግን ትከሻቸው ሰፊ ስለ ሆነ ወይ ይቈረጣሉ ወይም ጎረቤታቸውን ይገፋሉ። ምክንያቱም አብዛኛው የፊደላችን ቅርጽ የተሣለው ለመጽሐፍ ኅትመት፥ ሰፊው ሰፊ ጠባቡም ጠባብ ሆኖ እንዲቀመጥ ነው፤ እኩል ስፋት ላለው ቤት አይደለም። እንደ ቻይናው ለያንዳንዱ ፊደል ሁለት ቤት ይሰጠው የሚሉ አሉ። ለማንበብ ምቹ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን መስኮቱ ሁለት ሲሰጥ ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ብለው የሚቈጥሩ ከሆነ ሰልፉ ካሁኑ የባሰ ይፈርሳል። ስለዚህ የኔ አሳብ ሌላ ነው፤ ለእኩል ስፋት ተብሎ የሚሣል፥ «ጨ» እግሮቹን ሰብሰብ አድርጎ፥ «ነ» ደግሞ ትንሽ ዘርጋ ብሎ የሚቆምበት ቅርጽ ያስፈልገናል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በሠሩ ጊዜ የገጠማቸው ችግርም ለላቲን ፊደል በተበጀ መኪና ላይ የኛን ብዙ ፊደል ማስገባት ነበር፤ እርሳቸው ፊደሉን ይዘው ከመኪናው ጋራ ታገሉ እንጂ በላቲን እንጻፍ አላሉም። በክፍላችን ውስጥ ሥዕል የሚያውቁ ልጆች አሉ፤ የፊደል ቅርጽ መሥሪያ ነጻ ፕሮግራምም ይገኛል። ከሁለት መቶ የሚበልጥ ፊደል መሣል የአንድ ክረምት ሥራ ይመስለኛል።

ለጊዜው ግን መምህሮቻችንን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ዝርዝር በፊደላችን ይዘጋጅ፤ የስሙ ዐምድ ስፋትም በግምት 20 ተብሎ አይወሰን፤ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ስሞቹን ሁሉ በዐምድ ለክቶ ከሁሉ የረዘመውን ያግኝ፥ በርሱም ላይ ሁለት ባዶ ቤት ይጨምር። ሠንጠረዡ እንደ አንድ አካል ሆኖ በመሐል ይቀመጥ፤ ርእሱ ብቻ ለብቻው ይለካ። ያልተፈተነ ተማሪ ካለ ቦታው ባዶ አይተው፤ አንዲት አጭር ሰረዝ ትጻፍበት፤ ባዶ ቤት ያለበትን መስመር ከሩቅ የሚያነብ ሰው ቀጣዩን ውጤት ወደ ባዶው ስቦ ያነበዋልና። ይህን የሚያደርግ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌ፥ ከክፍላችን የስልሳ ሁለቱን ተማሪዎች ስም አስገብቼ ሞክሬዋለሁ። ርዝመቱ 43 መስመር ነው። በኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ባለው በሦስተኛው ዕቃ ላይ ይገኛል፤ የተቃወሙኝ ጓደኞቼም ጭምር ገብተው ቢመረምሩትና የሚታረም ነገር ቢያገኙበት ደስ ይለኛል።